አዮ ሎኮ ያልመነዘረችው ገንዘብ

አዮ ሎኮ ማረፏን የነገረኝ ከጎዶማ ሰው አሳፍሮ የመጣ የቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር፣ ነጂ ነው። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ «ያቺ ድሮ እዚህ ደጅሽ ላይ ትቀመጥ የነበረችው ሴትዮ ትናንት ተቀበረች። ልጇ፣ ለልብስ ሰፊዋ ንገርልኝ ብላኛለች» አለኝና አቧራውን አስነስቶ ሄደ። የማን ቀሚስ እንደነበር አላስታውስም፤ ጠርዙን እየሰፋሁ ነበር። እግሬ ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አልተነሳም። ጨርቁ እስኪያልቅ ሰፋሁ። ጨርቁ ካለቀ በኋላም ትንሽ ባዶውን ሰፋሁ።

ለሞያሌ ሰው ሎኮ ገንዘብ መንዛሪ ነበረች። ከኬላው ወደ ኬንያ በኩል ሲወረድ፣ እኔ በተከራየሁት የቆርቆሮ ክፍል ደጅ፣ ዝቅ ባለች የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጣ ብርን በሽልንግ፣ ሽልንግን በብር ትለውጣለች። እንደሷ ያሉ ብዙ ነበሩ። ወንዶቹ የገንዘብ እስር እያውለበለቡ ከመኪና ጋር ይሯሯጣሉ፤ ከሹፌር መስኮት ላይ ይንጠለጠላሉ። እሷ ማንንም አትጠራም። ረጅምና ቀጭን ናት፤ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ታደርጋለች፤ ዓይኖቿ ከፊቷ ካለው ሰው አልፈው ወዲያ ማዶ የሆነ ነገር የሚያዩ ይመስላሉ። ሰው ግን እሷ ዘንድ ይመጣ ነበር። ምንዛሪዋ ከሌሎቹ ስለሚሻል አልነበረም። ምን እንደሚስባቸው ለማወቅ እኔም ጊዜ ወስዶብኛል።

መጀመሪያ ያገኘኋት ከዲላ በመጣሁበት ዕለት ነው። እናቴ አርፋ፣ የወርቅ ጉትቻዋን ሸጬ፣ ብሩን በመቀነቴ ቋጥሬ ድንበር ተሻገርኩ። ከወንዶቹ ግርግር ሸሽቼ እሷ ፊት ቆምኩና ብሩን ዘረጋሁላት። ተቀብላኝ ወዲያው አልቆጠረችም። በመዳፏ ላይ አስተኝታው ትንሽ ቆየች።

«የምን ገንዘብ ነው?» አለችኝ።

ሌባ ያለችኝ መሰለኝ። «የራሴ ነው!» አልኩ ቆጣ ብዬ።

«ያንተ መሆኑን አየሁ። የምን ነው?»

አማርኛዋ ከገበያ የተለቀመ ነበር። ወንድም ይሁን ሴት፣ ፖሊስም ይሁን እኔ፣ ለእሷ ሁሉም «አንተ» ነው። ኋላም አልለወጠችውም፤ እኔም እንድትለውጠው አልፈለግኩም። ያን ቀን ግን እንግዳ ነገር ሆነብኝና ለምን እንደሆነ ሳላውቅ እውነቱን ነገርኳት። የእናቴ ጉትቻ መሆኑን ስትሰማ ብሩን መልሳ በእጄ አስጨበጠችኝ።

«ይህን ሽልንግ አድርገህ ኪስህ ውስጥ ካሳደርክ ነገ ሻይ ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ ሳሙና ይሆናል፣ ያልቃል። የእናት ጌጥ ነው። ዛሬውኑ ከባድ ነገር መሆን አለበት። ምን ትችላለህ?»

«ልብስ መስፋት።»

ተነሳች። ዱካዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ እኔን አስከትላ ወደ አንድ የሶማሌ ነጋዴ መጋዘን ወሰደችኝ። ምንዛሪውም የስፌት መኪናው ግዢም እዚያው በአንድ ጊዜ አለቀ። ያ የስፌት መኪና ይኸው እስከ ዛሬ ያበላኛል።

ደጄ ላይ መቀመጥ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ጥላው ይስማማኛል አለች እንጂ ልትጠብቀኝ እንደሆነ ገብቶኛል።

የሞያሌ ከሰዓት በኋላ የተለየ ነገር አለው። ሙቀቱ ሲበረታ መኪኖቹ ይቆማሉ፤ ፍየሎቹ በግድግዳ ጥግ ይደረደራሉ፤ ከዚያኛው አገር ኮረብታ ላይ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ፣ ከዚህኛው መንደር የመስጊድ ድምፅ በነፋስ እየተቀላቀለ ይመጣል። ሁለት አገር መሆናችን ይረሳል። በዚያ ሰዓት ሎኮ የገንዘብ ኖቶች አውጥታ አንድ በአንድ ታሸታቸው ነበር። «ይህ ቅቤ ነክቶታል፣ የሴት ነው፣ ጡቷ ስር ነበር። ይህ ናፍጣ ነው። ይህ አሳ ይሸታል፤ ከሐይቅ አገር መጥቷል» ትለኛለች። እኔ መርፌዬን ይዤ አዳምጣለሁ። ግማሽ ሕልም ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር፤ ሰዎች ሳይመጡ በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ተቀምጠው በፊታችን የሚያልፉ ዓይነት።

ሽርጧን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ብዙ ኪስ አዘዘችኝ። የከብት ገንዘብ ለብቻው፣ የሹፌሮች የመንገድ ገንዘብ ለብቻው፣ የሰርግ፣ የለቅሶ፣ ሴሪካሊ የሚሉት የኬንያ መንግሥት ለሠራተኞቹ የሚከፍለው ደመወዝ፣ ሁሉም ለብቻው ይቀመጣል። አንድ ቀን፣ «አዮ፣ ተቀላቀለም አልተቀላቀለም ያው ሽልንግ አይደለም እንዴ?» አልኳት። አዮ በቦረናዎቹ ቋንቋ እናት እንደማለት ነው።

«ያንተ ቤት ለቅሶ ሆኖ ሰው ያዋጣልህን ገንዘብ፣ እኔ ለሰካራም ብሰጠው ደስ ይልሃል?»

«አላውቅማ! እንዴት አውቃለሁ?»

«አንተ አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ» አለችና ወደ ማዶዋ መመልከት ጀመረች።

ከለቅሶ ገንዘብ ላይ ምንም ትርፍ አትይዝም ነበር። ለሰርግ የሚሆን ከሆነ ደግሞ ያልተጨማደዱትን ትመርጥና፣ የከሰል ካውያዬን አስግላ፣ በነጠላ ጨርቅ ሸፍና ትተኩሳቸዋለች። በስልክ የሚላከው ገንዘብ ሲመጣ ሁላችንም ደስ ሲለን እሷ ተቸገረች። «ይህ ነፋስ ነው፤ የማንም እጅ አይሸትም» አለች። መላ ግን አላጣችም። ላኪው ጋር ታስደውልና በተቀባዩ ስልክ ራሷ ትጠይቃለች። ጆሃንስበርግ ያለ አንድ ሰው ለሚስቱ የላከውን ገንዘብ ለምን እንደላከ ለማታውቃት ሴትዮ ሲያስረዳ፣ ሚስቱም አጠገባችን ቆማ ስትሰማ ትዝ ይለኛል።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የጋልጋሎን ነገር ነው።

ዝናቡ ደጋግሞ የቀረበት ዘመን ነበር። ጋልጋሎ የጎልቦ ቆላ ሽማግሌ ነው፤ ከብቶቹ በሙሉ አለቁበት። በቦረና ወግ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ላም ይሰጠዋል። ያን ጊዜ ግን ላም ያለው ሰው ጠፋ። ስለዚህ የጎሳው ሰዎች፣ ከተማ ያሉት ባለሱቆች፣ ሹፌሮችና አስተማሪዎች ገንዘብ አዋጡ። ሁለት ሽማግሌዎች ገንዘቡን ሎኮ ዘንድ አምጥተው ብሩ ወደ ሽልንግ ተመነዘረና ጋልጋሎ ተጠራ። መጣ፤ በትሩን ይዞ ተቀመጠ። ገንዘቡን ሰሌን ላይ አኖሩለት።

ሰው ቤት ድንገት የገባ ሰው የማይመለከተውን ነገር እንደሚያይ አድርጎ አየው። ከዚያ በቋንቋቸው እንዲህ አለ፦

«ላም ብትሰጡኝ እቀበል ነበር። ላም የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከማን በረት እንደወጣች አውቃለሁ። ይህንን ግን ለለማኝም ይሰጡታል።»

ብድግ አለ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ቤት ያሉት ልጆቹ ምን እንደሚበሉ የማያውቅ ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቢሆንም ማንም ሊይዘው አልደፈረም። ሎኮ ብቻ የጋቢውን ጫፍ ያዘችው።

«ተቀመጥ» አለችው። «እውነትህን ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው።»

ሽማግሌዎቹን መልሳ ላከቻቸው። ያዋጡት ሰዎች ሁሉ፣ ሱቃቸውንም ዘግተው ቢሆን፣ ራሳቸው እንዲመጡ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አንድ በአንድ መጡ። ለእያንዳንዱ ያዋጣውን መልሳ በእጁ ሰጠችውና፣ «በገዛ እጅህ ስጠው፤ ስትሰጠው ደግሞ ከአባትህ በረት የትኛዋ ላም እንደሆነች ንገረው» አለችው።

መጀመሪያ ተሳሳቁ። ከዚያ አንዱ ጀመረ። የላሞቹን ስም ጠሩ፤ ዳለቻዋን፣ ቀይዋን፣ ያቺን ጥጃዋን ጅብ የበላባትን። አንድ ከተማ ተወልዶ ያደገ ሹፌር ተራው ሲደርስ ግራ ገባው። «እኔ ላም አላውቅም። አያቴ ግን ቡሬ የምትባል ነበረቻቸው ሲባል ሰምቻለሁ» አለ።

የጋልጋሎ ፊት ተለወጠ። «ቡሬን! ቡሬን አውቃታለሁ እንጂ! አንድ ቀንዷ ወደ ታች የታጠፈ ነበር። የአያትህ ናት?» አለና እጁን ዘረጋ።

እኔም ከመቀነቴ አንዲት ኖት አውጥቼ ቀረብኩ። ጎሳ የለኝም። ሎኮ አየችኝ። «ያንተስ?» አለችኝ። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን ቤት የነበረችውን ላም አስታወስኩ። «ድማም፤ የዲላ ላም ናት» አልኩ። ሎኮ ተረጎመችለት። ሽማግሌው ድድ እስኪታይ ሳቀ። «የደጋ ላም! የእኛን ፀሐይ እንዴት አድርጋ ልትችለው ነው?» አለና ተቀበለኝ።

ገንዘቡን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ወደ ጎልቦ መንገድ ሲወጣ ቆመን አየነው። አረማመዱ የብቸኛ ሰው አረማመድ አልነበረም። በትሩን አልፎ አልፎ ወደ ጎን ያወዛውዝ ነበር፤ ከፊቱ የሚሄድ መንጋ ያለ ይመስል። አቧራውም ሲነሳ የእሱ ብቻ አልመሰለኝም።

ይህን ሁሉ የምታደርገው ሴት ፈጽሞ የማትጠይቀው አንድ ደንበኛ ነበራት። ደምሴ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከአዲስ አበባ ጭኖ ወደ ናይሮቢ ያልፋል። ሲመጣ ገንዘቡን ያስቀምጣል፣ እሷ ትመነዝርለታለች፣ ቀና ብላ አታየውም። እሱም ከመኪናው ሲወርድ ኮፍያውን ያወልቃል፤ ሰላም ሳይል ይቆማል፤ ወደ ኋላው እያፈገፈገ ይሄዳል። አንድ ቀን አላስቻለኝም። «ይህን ሰውዬ ለምን አትጠይቂውም?» አልኳት።

«ልጄን የገጨው እሱ ነው» አለች።

እኔ ሞያሌ ሳልመጣ የሆነ ነገር ነው። በሶሎሎ መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአቧራ መሃል። ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ተቀመጡ፤ ክፋት እንዳልነበረበት ታወቀ፤ ጉማ፣ የደም ካሳ፣ ተቆረጠ። የደምሴ አባት ጥማድ በሬ ሸጦ፣ የመኪናው ባለቤት ጨምሮበት፣ በሺህ ሽልንግ ኖቶች ተከፈላት። ተቀበለች። ባትቀበል የልጁ አጎቶች ዝም እንደማይሉ ታውቃለች። ገንዘቡን የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከትታ ከአልጋዋ ስር አኖረችው። ምን ያህል እንደሆነ አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኳትም። ስለ ልጇ ስጠይቃት ግን መልኩን፣ ጠባዩን፣ ስሙን እንኳ አትነግረኝም። ወደ ልቧ ልገባ ስሞክር ሁልጊዜ እዚያ ጣሳ ላይ ተደናቅፌ እመለስ ነበር።

ከዚያ የኬንያ መንግሥት ገንዘብ ለወጠ። አሮጌው የሺህ ሽልንግ ኖት ከዚህ ቀን በኋላ ወረቀት ነው ተባለ። አገሩ ታመሰ። ከገጠር ሰዎች በቅል፣ በካልሲ፣ በቁርአን መሸፈኛ ያስቀመጡትን ይዘው መጡ። ሎኮ በየቀኑ ባንክ ተሰለፈችላቸው። የማንም ገንዘብ ወረቀት ሆኖ እንዳይቀርበት በየመንደሩ መልእክት ላከች። ጣሳው ግን ከአልጋው ስር አልወጣም።

ቀነ ገደቡ ሳምንት ሲቀረው ሴት ልጇ ቱሜ ከጎዶማ መጣች። ፍየሎቿ አልቀዋል፤ ልጆቿ ክፍያ ባለመክፈላቸው ከትምህርት ቤት ተመልሰዋል። ደጄ ላይ ቆማ በቋንቋቸው በእናቷ ላይ ጮኸች።

«እኔ በሕይወት አለሁ! የእኔ ልጆች በሕይወት አሉ! ያንን ነገር አልጋ ስር ደብቀሽ በረሃብ ልትገይን ነው?»

ሎኮ ሽርጧን ፈታች። ከኪሶቹ የሰዎችን አደራ ለይታ አስቀመጠችና፣ የቀረውን፣ የራሷን መነገጃ በሙሉ፣ በልጇ ቀሚስ ላይ ዘረገፈችው።

«ይህ የእኔ ነው። ላቤ ነው። ፍየል ግዢበት፣ ልጆችሽን አስተምሪበት።»

ቱሜ ደነገጠች። «ይህማ መሥሪያሽ ነው። በምን ልትሠሪ ነው? ያኛውን ስጪኝ።»

«ያኛው የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ሎኮ የሰዎቹን አደራ ወደ መቁጠር ተመለሰች። ቱሜ ገንዘቡን ሰብስባ እያለቀሰች ሄደች። አላመሰገነችም። ሽርጡ ባዶውን ዱካው ላይ ቀረ።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባንኩ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ እቤቷ ሄድኩ። ጣሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ብርሃኑ ቢጫ ሆኖ፣ ነፋሱ ቆሞ፣ ከተማው በሙሉ ትንፋሹን የያዘ ይመስላል።

«አዮ፣ ተነሽ። እኔ ይዤሽ እሄዳለሁ። አንቺ ካልፈለግሽ እኔ ልሰለፍልሽ። ነገ እኮ ወረቀት ነው!» አልኳት። እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ።

እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ስማኝ። ፍየል ብገዛበት፣ ወተቱን ስጠጣ ልጄን እየጠጣሁ ነው። ለድሃ ብሰጠው፣ ልጄን ለልመና እየሰደድኩ ነው። አስቀመጥኩት፤ ሲቀመጥ ደግሞ ዋጋው ሆኖ ተቀመጠ። በየማለዳው ስነሳ፣ ይኸው ልጅህ ይህን ያህል ነው ይለኛል። አሁን ናይሮቢ ያሉ፣ ልጄን የማያውቁ ሰዎች፣ ይህ ዋጋ አይደለም አሉ። እኔ ሮጬ ሄጄ፣ የለም ዋጋ ነው ልበላቸው?»

ፀሐይዋን አየች። ሰዓቱ እየሄደ ነበር።

«ከነገ ጀምሮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጃርሶ ዋጋ የለውም።»

የልጇን ስም ከአፏ የሰማሁት ያኔ ነው። አማርኛዋን ላርማት አፌን ከፈትኩ። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ሲባል ከንቱ ነው ማለት ነው፣ እንዲህ አይባልም ልላት። ፊቷን ሳየው ተውኩት። ባንኩ እስኪዘጋ፣ ከተዘጋም በኋላ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀመጥን።

ወሬው ለደምሴ ደረሰው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ገንዘብ ሊመነዝር አልቀረበም። ኮፍያውን በእጁ እያፍተለተለ፣ «አባቴ ጥማድ በሬውን የሸጠበት ነው። ወረቀት ሆኖ ቀረ አሉኝ። እውነት ነው?» አላት። ድምፁ ውስጥ ንዴት ነበር፤ አልፈረድኩበትም።

«እውነት ነው።»

«እንዲጠቅምዎት እኮ ነበር! ከሁለት ዓመት በላይ በሰው በሬ ነው ያረስነው።»

ሎኮ ቀና አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው፤ ለረጅም ጊዜ።

«አንተ ከፍለሃል። አባትህ ከፍሏል። ያንን ማንም አይመልሰውም፤ ከደም ነጻ ናችሁ። እኔ ደግሞ አልሸጥኩም። ሁለቱም እውነት ነው። ተቀመጥ።»

መሬት ላይ ተቀመጠ። ከኋላው መኪኖች ጡሩምባ ይነፉበት ነበር፤ መንገድ ዘግቶ ነው የቆመው። አልተነሳም። በመጨረሻ ሲነሳ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ጉልበቷን ስሞ ሄደ።

መነገጃ ያጣች መንዛሪ ድንበር ላይ ምን ትሠራለች? ላበድራት ብል እምቢ አለችኝ። በሳምንቱ የሰውን አደራ ሁሉ ለየባለቤቱ አድርሳ ወደ ጎዶማ፣ ወደ ልጇ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየኋት፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጅ አዝላ ነበር።

ለቅሶ ልደርስ ጎዶማ የሄድኩት መርዶውን በሰማሁ በነጋታው ነው። ቱሜ ፀጉሯ መሸበት ጀምሯል። ከሴቶቹ መሃል ተነስታ አቀፈችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ያን ዓመት ተቀይሜያት ነበር» አለችኝ። «አሁንም አንዳንዴ ሳስበው ያናድደኛል። ትልቋ ልጄ ከትምህርቷ ወደ ኋላ ቀርታለች። ለአንቺ አልዋሽም።»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ያ ገንዘብ ቤታችን እያለ ስለ ወንድሜ አናወራም ነበር። ስሙን ስንጠራ ሁላችንም የምናየው ጣሳውን ነው። እናቴ እዚህ ከመጣች በኋላ ግን ማውራት ጀመረች። ለልጆቼ፣ በየቀኑ፣ ሳያቋርጥ! አጎታቸውን እኔ ከማውቀው በላይ ያውቁታል። ዘፈን እንደሚወድ ነግራሻለች?»

«አልነገረችኝም።»

«ይወድ ነበር፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። ግመል ሲያጠጣ ይዘፍናል። ሌላው ሰው ሲዘፍን ግመሎቹ ይጠጣሉ፤ እሱ ሲጀምር አንገታቸውን ከገንዳው ያወጡና ተያይተው ይሄዳሉ። እሱ ደግሞ የወደዱለት መስሎት፣ እየዘፈነ ይከተላቸዋል…»

ቱሜ ቀና ብላ፣ አንገቷን አስግጋ፣ የወንድሟን ዘፈን በተሰነጠቀ ወፍራም ድምፅ አሰማችን። በሩ አጠገብ ከተቀመጡት ልጆች አንዷ በሳቅ ፈነዳች፤ ሌላዋ ተከተለች፤ ሽማግሌዎቹም ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔም፣ ጃርሶን አንድም ቀን ያላየሁት ሴት፣ ግመሎቹ አቧራውን እያስነሱ ሲሸሹት፣ እሱም ደስ ብሎት አፉን ከፍቶ ሲከተላቸው አየሁት፤ ሳቄም ከእንባዬ ቀድሞ መጣ።